«አገርሽ የት ነው?» ስትባሉ ምን ትመልሳላችሁ?

የጉለሌ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። 9 ዓመት የሞላት ልጅ አለችኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ እንድትማር እወስዳታለሁ። ባለፈው ሳምንት እዚያ አንዲት እናት ጉንጯን ሳም አድርገው «የኔ ቆንጆ፣ አገርሽ የት ነው?» አሏት። በጣም ደግ ሴት ናቸው።

ልጄ «ሲልቨር ስፕሪንግ» አለች።

«እሱማ ሰፈርሽ ነው። አገርሽን ነው እንጂ።»

«አሜሪካ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ልጄ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ኢትዮጵያ» አለች። ይሄም አልበቃቸውም። ወደ እኔ ዞረው «የት ናችሁ እናንተ? ሸዋ ናችሁ?» አሉኝ።

መኪና ውስጥ ዝም ብላ ቆየችና «እማዬ፣ አገር ማለት ምንድን ነው?» አለችኝ። የቤት ሥራዋም እሱው ነው፤ «አገሬ» በሚለው ቃል አምስት ዓረፍተ ነገር መሥራት። እኔም መልስ አጣሁ።

የተወለድኩት ጉለሌ ነው። አባቴ የመንዝ ሰው ነው። እናቴ የጉመር ጉራጌ ናት። ልጅ ሆኜ ትልልቅ ሰዎች ሲጠይቁኝ «መንዝ» እል ነበር፣ ልጅ አባቱን ይከተላል ስለሚባል። መንዝን ያየሁት ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ለመስቀል በየዓመቱ የምንገባው ጉመር ነበር። ቤታችን ውስጥ «አገር ቤት» ሲባልም ጉመር ማለት ነው። እዚህ ሀበሻ ሲጠይቀኝ «አዲስ አበባ» እላለሁ። ፈረንጅ ሲጠይቀኝ «ኢትዮጵያ»። ጥያቄው አንድ ነው፣ ሰውዬዋም አንድ ነኝ። መልሴ ግን አራት ነው።

ለልጄ ምን ብዬ ላስረዳት? እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ባሕር ዛፍ

ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ፣ ጥሩ ነገር አነሳሽ። እኔ የምጽፍልሽ ከደብረ ብርሃን ነው። ጡረተኛ ነኝ።

እኛ ባደግንበት ጊዜ አገር ማለት ትንሽ ነገር ነበር። ከጋራው ወዲህ አገራችን ነው። ከወንዙ ማዶ ሰው አገር ነው። የግማሽ ቀን መንገድ ሄዶ የሚነግድ ሰው «ሰው አገር ሄደ» ይባላል። ሲመለስ «አገሩ ገባ» ነው። ስለ መላዪቱ ኢትዮጵያ ስናወራም ያንኑ ቃል እንጠቀም ነበር። ማንም ግን አይምታታበትም፤ ከወሬው ይታወቃል።

ስለ ትውልድ ቦታ ደግሞ ይህን ልንገርሽ። እኔ የበኩር ልጅ ነኝ። በእኛ ወግ ሴት ልጅ የመጀመሪያዋን የምትወልደው እናቷ ቤት ሄዳ ነው። እናቴ የመርሐቤቴ ሰው ስለነበረች እኔም የተወለድኩት እዚያ ነው። እትብቴም የተቀበረው መርሐቤቴ ነው። ከታረሰች በኋላ ታቅፋኝ ወደ አባቴ ቤት ወደ ተጉለት ተመለሰች። ታዲያ በዚህ ሁሉ ዕድሜዬ አንድም ሰው የመርሐቤቴ ሰው ብሎኝ አያውቅም። አገሬ ተጉለት ነው። ከኔ በኋላ የተወለዱት ወንድሞቼ ግን ትውልዳቸውም አገራቸውም አንድ ነው። አየሽ፣ ዱሮም ቢሆን የተወለድሽበትና አገርሽ የግድ አንድ አልነበሩም።

ምክንያት ነበረው። ርስት አለ። እስከ 1967 ድረስ በሰሜኑ አገር ሰው መሬት የሚያገኘው ከአቅኚው አባት ጀምሮ ዘሩን ቆጥሮ ነው። በአባትም በእናትም ይቆጠራል። ክርክር ሲነሳ ዳኛ ፊት ቆሞ እገሌ እገሌን ወለደ እያለ ይወርዳል። አባቶቻችን ዘር የሚቆጥሩት ለጌጥ አልነበረም። እርሻ ስለሚያስገኝ ነው። «አገርህ የት ነው?» ማለት «የማን ልጅ ነህ፣ የት ትደርሳለህ?» ማለት ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ያ ሁሉ ክርክር ቀረ። ጥያቄው ግን በአፋችን ላይ ቀረ።

ፈረንሳይ ለጋሲዮን

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ እኔን የሚያመኝ ያ በአፋችን ላይ የቀረው ነገር ነው።

አዲስ አበባ ተወለድኩ። አባቴም አዲስ አበባ ነው የተወለደው። «አገርህ የት ነው?» ሲሉኝ «አዲስ አበባ» እላለሁ። ወዲያው «አይ፣ ዋናው አገርህ?» ይመጣል። ይቺ «ዋናው» የምትል ቃል ታበሳጨኛለች። የተወለድኩባት፣ የተማርኩባት፣ አያቴን የቀበርኩባት ከተማ እንዴት ዋና ሳትሆን ቀረች? አያቴ የመጣበትን ቀበሌ እንኳ አላውቀውም።

እኛ ሰፈር ልጆች እንዲህ አንጠያየቅም። «ሰፈርህ የት ነው?» ነው የምንባባለው። ፒያሳ፣ መርካቶ፣ ጉለሌ፣ ቂርቆስ። በቃ፣ ሰውየውን አወቅከው። እግር ኳሱን፣ የሚያውቃቸውን ልጆች፣ አነጋገሩን ሳይቀር። አገሬ ሰፈሬ ነው ብል ማጋነን አይደለም።

የጉለሌ ልጅ

ወንድሜ፣ እኔም ይሄው ስሜት አለኝ። ግን አስተውለህ እንደሆነ ሰፈሮቻችንም እኮ አገር ይጠራሉ። ወሎ ሰፈር አለ። ጎጃም በረንዳ አለ። ጎፋ ሰፈር አለ። «ሰፈር» ራሱ «ሰፈረ» ከሚለው ነው፤ መኳንንቱ ከነሠራዊታቸው ድንኳን የተከሉበት ማለት ነው። ደጃች ውቤ ሰፈር ስሙን ያገኘው እንዲሁ ነው። ከተማዋ ከተቆረቆረች ከ1879 ጀምሮ ሰዉ ከየአገሩ እየመጣ የሰፈረባት ናት።

ፈረንሳይ ለጋሲዮን

እውነትሽን ነው። ግን ወሎ ሰፈር የተወለደ ልጅ ወሎዬ ነው ብሎ የሚያስብ የለም። የወሎ ሰፈር ልጅ ነው። ስሙ ቀረ፣ ልጁ የከተማዋ ሆነ። እኔ የምጠይቀው ይሄን ብቻ ነው።

ቆሎ ተማሪ

አብነት ትምህርት ቤት ጥቂት ዓመት ቆይቻለሁ። ከግዕዙ በኩል ልጨምር፣ ምክንያቱም ይሄ ቃል ታሪኩ በጣም ደስ ይላል።

በግዕዝ «ሀገር» ማለት በብዛት ከተማ ነው። በመዝሙረ ዳዊት 86 ላይ «ሀገረ እግዚአብሔር» ያለውን አማርኛው «የእግዚአብሔር ከተማ» ይለዋል። በጥንቱ የሳባውያን ጽሑፍም «ሀ-ገ-ረ» በሚሉት ፊደላት የሚጻፈው ቃል ከተማ ማለት ነው። የእኛም ቦታዎች ይህንን ይዘው ቀርተዋል። ሀገረ ማርያም፣ ዛሬ ቡሌ ሆራ የምትባለው። ሀገረ ሕይወት፣ አምቦ የነበራት ስም። ሀገረ ሰላም ደግሞ በሲዳማም በትግራይም አለ። እነዚህ ሁሉ ከተሞች ናቸው፣ ሀገረ ሰላም ስንልም የሰላም ከተማ ማለታችን ነው።

ታዲያ ለሰፊው ምድር ግዕዝ ምን ይላል? «ብሔር» ይላል። «እግዚአብሔር» የሚለውን ስም ፍቱት፤ እግዚእ ጌታ ነው፣ ብሔር ምድር፣ ዓለም ነው። የዓለሙ ጌታ ማለት ነው። «ብሔረ ብፁዓን» ስንልም የብፁዓን ምድር ማለታችን ነው። የጥንት ሊቃውንት ስማቸውን ሲጽፉ «ዘብሔረ» ብለው የመጡበትን አገር ይጨምሩ ነበር፣ የዚህ ምድር ሰው ነኝ ለማለት።

እንግዲህ ቃላቱ ቦታ ተለዋወጡ። ከተማ የነበረው «ሀገር» ሰፍቶ መላዪቱን ምድር ሆነ። ምድር የነበረው «ብሔር» ደግሞ ከአፈር ላይ ተነሥቶ ሰው ላይ ዐረፈ።

የጉለሌ ልጅ

ቆይ፣ ቆይ። ብሔር መሬት ነበር ነው የምትለኝ? መታወቂያዬ ላይ «ብሔር» የሚል መስመር ነበረ እኮ።

ቆሎ ተማሪ

አዎ እህቴ። እኔንም መጀመሪያ ስሰማው አስደንግጦኛል። የተማሪዎች እንቅስቃሴ በነበረበት ዘመን በውጭ ቋንቋ የሚነበበውን የፖለቲካ ቃል ወደ አማርኛ ሲያመጡት «ብሔር» አሉት። ከዚያ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት «እኛ የኢትዮጵያ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦች፣ ሕዝቦች» ብሎ ሲጀምር ትርጉሙ ጸና። የድሮው ግን ጨርሶ አልጠፋም። ብሔራዊ ባንክ፣ ብሔራዊ ቴአትር ስትዪ የአንድ ብሔረሰብ ማለትሽ አይደለም፣ የመላው አገር ማለትሽ ነው። ሁለቱ ትርጉሞች ዛሬ በአንድ ቃል ውስጥ ጎን ለጎን ይኖራሉ።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2ን አስታውሱ። ቆጠራ ታወጀ፣ ሰው ሁሉ ሊጻፍ ወደየከተማው ሄደ ይላል። ዮሴፍ የሚኖረው ናዝሬት ነው። ለመቆጠር ግን ወደ ቤተ ልሔም ወጣ፣ ከዳዊት ቤትና ወገን ስለነበረ። ግዕዙ ቤተ ልሔምን «ሀገረ ዳዊት» ይላታል። የሚኖርበት ናዝሬት፣ ሀገሩ ቤተ ልሔም። የፈረንሳዩ ወንድማችን የሚያማርረው «ዋናው አገርህ?» የሚለው ጥያቄ ያኔም ነበረ ማለት ነው።

ፈረንሳይ ለጋሲዮን

ይሄን አላሰብኩትም ነበር። አመሰግናለሁ።

ናፍቆት ከሻርጃ

እኔ ጽሑፍ ብዙ አልችልም። ግን ይሄን ክር ሌሊት ሥራ ጨርሼ እያነበብኩ አለቀስኩ።

ሁለተኛ ኮንትራቴ ላይ ነኝ። እዚህ እኛ «አገር» ስንል ሌላ ትርጉም አለው። «አገር ገባች» ስንል ተገላገለች፣ አረፈች ማለት ነው። «አገር መቼ ትገቢያለሽ?» የሰላምታ ያህል ነው። አንዷ ስትገባ ሌላዋ ለእናቷ ዕቃ ትልካለች፣ አንዳንዴም አንድ ሻንጣ ውስጥ የአምስት ሰው እናት አለች።

የመጀመሪያዋ ማዳሜ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም። ከየት እንደመጣሁም ጠይቃኝ አታውቅም። ስምንት ወር ሙሉ። አንድ ቀን ቆሻሻ ልጥል ስወርድ የጎረቤት ፎቅ ላይ የምትሠራ ልጅ ሰላም አለችኝና «አገርሽ የት ነው?» አለችኝ።

«ወሎ።»

«ወሎ የት?»

«ቃሉ።»

«ቃሉ የት?»

«ሐርቡ።»

«የወንዜ ልጅ!» ብላ አቀፈችኝ። የከሚሴ ልጅ ናት። አንድ ቦርከና ነው የጠጣነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህቴ ናት።

የጉለሌዋ እህቴ፣ ያቺ ሴትዮ ልጅሽን ሲጠይቋት ዝም ብለው አልጠየቁም ብዬ ነው የማስበው። እየፈለጉ ነው። የሚያቅፉት ሰው እየፈለጉ ነው።

እናቴ ስልክ ላይ ሁሌ የምትለኝ አለ፤ «ከአገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ።» እዚህ መጥቼ ነው የገባኝ።

ባሕር ዛፍ

የኔ ልጅ፣ አይዞሽ። በሰላም አገርሽ ያስገባሽ። ስለ ጥያቄው የተናገርሽው እኔ ልናገር ፈልጌ ያቃተኝን ነው።

አንቀጽ ስድስት

ሕግ ነው የተማርኩት። ወደ ቅጾቹ ልውሰዳችሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው እዚያ ላይ ይምታታል።

«ትውልድ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይሸከማል። ፓስፖርት ላይ «የትውልድ ቦታ» ሲል የተወለድክበትን ቦታ ነው። «ትውልደ ኢትዮጵያዊ» ሲል ግን የዘር ሐረግህን ነው፣ የትም ተወለድ። የጉለሌዋ እህታችን ልጅ የትውልድ ቦታዋ ሜሪላንድ ነው፣ ትውልደ ኢትዮጵያዊት ናት። ሁለቱም እውነት ነው፣ አይጣሉም።

የእኛ ሕግ ከጥንትም የሚከተለው ወላጅን ነው። በ1922 የወጣው የዜግነት ሕግ በኢትዮጵያም ሆነ በውጭ አገር ከኢትዮጵያዊ አባት ወይም እናት የተወለደ ኢትዮጵያዊ ነው ይል ነበር። የዛሬው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 6 ላይ ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ ከሆነ ልጁ ዜጋ ነው ይላል። አፈሩ ብቻውን ዜጋ አያደርግም። ልዩ ሆኖ የታሰበለት ተጥሎ የተገኘ ሕፃን ነው፤ ወላጁ ስለማይታወቅ ኢትዮጵያ ውስጥ ከተገኘ እንደ ኢትዮጵያዊ ይቆጠራል። አሜሪካ ደግሞ በተቃራኒው ናት። በ1868 እ.ኤ.አ. በጸደቀው 14ኛው ማሻሻያ እዚያ ምድር ላይ የተወለደ ዜጋ ነው።

ሰዉ «ቢጫ ካርድ» የሚለው መታወቂያ የመጣው በአዋጅ ቁጥር 270/1994 ነው። ቀድሞ ኢትዮጵያዊ የነበረ፣ ወይም ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ፣ ከቅድመ አያቶቹ ቢያንስ አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረ የውጭ ዜጋ ያገኘዋል። የኤርትራን ዜግነት የወሰደውን ግን አዋጁ አይጨምርም። ካርዱ ያለው ቪዛ አይጠየቅም፣ የሥራ ፈቃድ አይጠየቅም። መምረጥና መመረጥ ግን አይችልም። ሕጉ እስከ ቅድመ አያት ድረስ ወደ ኋላ መሄዱን ልብ በሉልኝ። ጋሽ ባሕር ዛፍ ርስት ሲከራከሩ ዘር ይቆጠር ነበር ያሉት፣ ዛሬ ቢሮ ውስጥ በሰነድ ይቆጠራል።

አምቦበር

ሰላም ከረሆቦት፣ እስራኤል። እኛን የነካ ነገር ስላነበብኩ ልጻፍ።

የተወለድኩት ጎንደር፣ አምቦበር ነው። ቤተ እስራኤል ነን። ልጅ ሆኜ ቤታችን ውስጥ አገራችን የት ነው ብትሉ መልሱ ኢየሩሳሌም ነበር። ማናችንም አላየናትም። አባቴ አላያትም፣ አያቴም አላያትም። በበዓላችን በስግድ ቀን ሽማግሌውም ልጁም ጾሞ ተራራ ይወጣል። ቄሶቹ ጥላ ይዘው ኦሪቱን ያነባሉ። ፊታችንን ወደ ኢየሩሳሌም አድርገን እንሰግዳለን። ጎረቤቶቻችን ደግሞ «ፈላሻ» ይሉን ነበር። ቃሉን ሰው «ፈለሰ» ከሚለው ጋር ነው የሚያያይዘው፤ ከሌላ ቦታ የመጣ፣ አገር የሌለው እንደማለት ነው። መቼ እንደመጣን እንኳ የማይታወቅ ምድር ላይ ቁጭ ብለን ፈላሽ ተባልን። ይሄ ቃል ያማል። እባካችሁ አትጠቀሙበት። ቤተ እስራኤል በሉን።

በግንቦት 1983 መጣን። ከ14 ሺህ በላይ ሰው በ36 ሰዓት ውስጥ። አባቴ ከአውሮፕላን እንደወረደ መሬቱን ሳመ፣ አይቻለሁ።

አሁን አባቴ አርጅቷል። በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ «አገራችን ውሃው» ይላል። «አገራችን ማሩ» ይላል። ስለ ጎንደር ነው የሚያወራው። አንድ ቀን «አባዬ፣ አገራችን ኢየሩሳሌም ናት ትለኝ አልነበር እንዴ?» አልኩት። «ናት» አለኝ። «እሷ የጸሎቴ አገር ናት። ያ ደግሞ ያደግኩበት አገር ነው። ሁለቱም አሉኝ።»

እዚህ ስግድ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ የታወቀ የአገር በዓል ሆኗል። ከየከተማው በአውቶቡስ ኢየሩሳሌም እንወጣለን። ልጆቼ ይመጣሉ። «አገርሽ የት ነው?» ብትሏቸው የምትሰሙት መልስ አንድ ቃል ብቻ ነው፣ እስራኤል። ቶሎ ይመልሳሉ። አባቴ የሚቆይበትን ያህል አይቆዩም።

ቅቤ ተራ

ሁላችሁም ስለ ሰው ስታወሩ እኔ ስለ ዕቃ ልንገራችሁ። ነጋዴ ነኝ። እኛ ጋ ዕቃውም አገር አለው። ደንበኛ መጥታ መጀመሪያ የምትጠይቀው ዋጋ አይደለም፣ «ቅቤው የየት አገር ነው?» ነው። የሸኖ ለጋ ካልኩ ፊቷ ይፈታል። ጤፉ የአዳ ነው ወይ፣ የምንጃር ነው ወይ? ቡናው የይርጋጨፌ ነው፣ የሐረር ነው፣ የጅማ ነው? አገሩን ስትሰማ ጣዕሙን ታውቀዋለች። ያ ዕቃ ከየትኛው አፈር፣ ከየትኛው ውሃ እንደመጣ ማወቅ ነው። ሰውንም ስንጠይቅ መሠረቱ ይሄ ይመስለኛል።

ፈረንሳይ ለጋሲዮን

የኔ ወንድም፣ ቅቤን በአገሩ መመዘን ጥሩ ነው። ሰውን በአገሩ ስንመዝን ግን ምን እንደሚመጣ ባለፉት ዓመታት አይተናል። ናፍቆትን ያቀፈቻት ጥያቄ ሌላ ቦታ ሰው ከአውቶቡስ አስወርዷል። አገር አቋራጭ ላይ የሠራ ሰው ይነግራችኋል። ስለዚህ ጠያቂው ማን ነው፣ የት ነው፣ ለምን ነው፣ ይሄን ሳያዩ መልስ መስጠት ከባድ ነው።

ቅቤ ተራ

ልክ ነህ። አልከራከርህም።

ወለጋ ቡና

በኦሮምኛም ተመሳሳይ ነው። «ቢያ» አገር ነው፣ መንደርም ሊሆን ይችላል፣ ምድርም። አፈርን ደግሞ «ቢዬ» እንላለን። ልጅ ሆኜ አንድ ቃል ይመስሉኝ ነበር። ትግርኛ የሚያውቅ ሰው ካለ ስለ «ዓዲ» ይንገረን።

ሰሓርቲ

እነሆ። «ሃገር» ትልቁ ነው፣ «ዓዲ» የትውልድ መንደርህ ነው። «ዓድኻ ኣበይ እዩ?» ስትባል መንደርህን ነው የምትናገረው። ዓዲግራት፣ ዓዲ ቀይሕ፣ ስንቱ ቦታ በዓዲ ይጀምራል። እኛ ሁለት ቃል ስላለን የጉለሌዋ ልጅ አትቸገርም ነበር። አማርኛ አንዱን ቃል ለሁሉም ያሠራዋል።

አንዲት አንባቢ

እኔ አንድ ነገር ልናዘዝ። አዲስ አበባ ነው ያደግኩት፣ ትምህርት ቤት ከገጠር የመጣች ልጅ ነበረች። «ባላገር» እያልን እናስለቅሳት ነበር። አነጋገሯን እንቀዳለን፣ ጫማዋን እናያለን። ትልቅ ሰው ሆኜ ነው ቃሉን የፈታሁት። ባለ አገር። አገር ያለው፣ የአገር ባለቤት። ባለ ቤት፣ ባለ ርስት እንደሚባለው። መሬቱን የሚያርሰው፣ ግብሩን የሚከፍለው፣ ወታደሩን የሚቀልበው ሰው ስም ነበር። እኛ ከተማ ተቀምጠን እሱ ያረሰውን እየበላን ስሙን ስድብ አደረግነው። ያቺን ልጅ ዛሬ ባገኛት እግሯ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃት ነበር።

ባሕር ዛፍ

ልጄ፣ እንዲህ ማለትሽ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። እኔ ባላገር ሲሉኝ ደስ ይለኛል። ነኝም።

አንድ ነገር ግን የጉለሌዋን ልጅ ልጠይቃት። የልጅሽ እትብት የት ነው የተቀበረው? በእኛ ዘንድ «እትብቴ የተቀበረበት» ሲባል ክርክር ያበቃል። እዚያ በሆስፒታል ስለሚወለድ እንዴት እንደምታደርጉት አላውቅም።

የጉለሌ ልጅ

ጋሽ ባሕር ዛፍ፣ ጥያቄዎን ካነበብኩ ጀምሮ እንቅልፍ አልወሰደኝም። እውነቱን ለመናገር አስቤውም አላውቅ። ልጄ ስትወለድ እናቴ ልታርሰኝ ከአዲስ አበባ መጥታ ሦስት ወር ቆይታለች። እትብቷ የወደቀው በዘጠነኛው ቀን፣ እናቴ ስታጥባት ነው። ከዚያ በኋላ የት እንደገባ አላስታውስም። ተጥሏል ብዬ ነበር የማስበው።

ዛሬ ጠዋት ስልክ ደወልኩላት።

«እማ፣ ያኔ እትብቷን የት አደረግሽው?»

«ምነው፣ ምን ሆነች?» ብላ ደነገጠች።

ምንም እንዳልሆነች ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለች።

«ይዤው መጣሁ» አለችኝ።

በመሃረብ ቋጥራ፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከዳዊቷ ጋር አድርጋ ይዛው ሄዳለች። ጉለሌ ግቢያችን ውስጥ ጌሾው ሥር ቀብራዋለች። የኔም እዚያው ነው ያለው፣ የወንድሞቼም። ለምን እንዳልነገረችኝ ጠየቅኳት። «ትስቂብኛለሽ ብዬ» አለች። «ደግሞ ሰው አገር ጥዬው ልምጣ?»

ለልጄ ነገርኳት። ቁርሷን አቁማ አዳመጠችኝ። እትብት ምን እንደሆነ ማስረዳት ትንሽ ፈጀብኝ። ከዚያ ደብተሯን አመጣችና የቤት ሥራዋን ጻፈች። አምስቱን ዓረፍተ ነገር ራሷ ናት ያወጣችው፣ ፊደሉን ብቻ ነው ያረምኩላት። ጠይቄያት ፈቅዳልኛለች፣ ይሄው፦

አገሬ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ እዚህ ተወለድኩ።
አገሬ ኢትዮጵያ ናት፣ እማዬና አባዬ ከዚያ መጡ።
የአያቴ አገር ጉመር ነው፣ ለመስቀል ክትፎ ይበላሉ።
የሌላው አያቴ አገር መንዝ ነው፣ ብርድ አለ።
አገሬ ጉለሌ ነው፣ ጌሾ ሥር አለሁ።

የመጨረሻዋን ሳነብ ማረም አቃተኝ። «እትብቴ አለ» በይ ልላት ነበር፣ ተውኩት።

ቅዳሜ ለነዚያ እናት ልታነብላቸው ትፈልጋለች። አሁን ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይዛለች። ጌሾው አሁንም አለ ወይ እያለችኝ ነው። ለእናቴ ደውዬ ፎቶ እንድትልክልን ጠይቄያለሁ። አለ ብላኛለች፤ ዘንድሮም ለጠላ ቀጥፋበታለች።